ሴሊያክ ይዞ ፋስት ፉድ ቤት መግባት፦ ከሜኑው በፊት ኩሽናውን የሚያስነብብ ዝርዝር መመሪያ

ቤት ውስጥ ከግሉተን (በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ካለው ፕሮቲን) መራቅ ይቻላል፤ ጓዳውን የሚያዝዙበት እርስዎ ነዎት። ጣጣው የሚመጣው ከሥራ መልስ ሲርብዎት፣ ልጆች ኋላ ወንበር ላይ «በርገር!» እያሉ ሲጮሁ፣ ወይም ከሜሪላንድ ወደ አትላንታ ሲነዱ ነው። በየመውጫው የሚታየው በርገር፣ ፒዛና የተጠበሰ ዶሮ ብቻ ነው። ይህ መመሪያ በዋናነት አሜሪካ ለሚኖሩ፣ ሴሊያክ (ግሉተን ሲበላ ትንሹን አንጀት የሚጎዳ በሽታ) ላለባቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው። አውሮፓ ላሉት የሚለየውን ወደ መጨረሻው አስቀምጫለሁ።

አብዛኛው ሰው ሜኑውን ከፍቶ «ስንዴ የሌለበት የቱ ነው?» እያለ ይፈልጋል። እኔ የምመክረው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «በዚህ ኩሽና ውስጥ ዱቄትና የዳቦ ፍርፋሪ የት የት ይደርሳል?» ስንዴ የሌለበት ምግብ ስንዴ የነካው ምግብ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

1. ምርመራው ሳያልቅ ግሉተን አያቁሙ

ሆዴን ይነፋኛል፣ ያስቀምጠኛል ብሎ ዳቦ ያቆመና የተሻለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ለሴሊያክ የሚደረገው የደም ምርመራም ሆነ ከትንሹ አንጀት የሚወሰደው ናሙና የሚያሳየው ሰውነት ለግሉተን የሚሰጠውን ምላሽ ነው። ግሉተን አቁመው ከቆዩ ውጤቱ «ምንም የለም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ቤት እስኪደርሱ እንደ ወትሮው ይብሉ።

ይህን የማነሳው መመሪያው ጠንከር ስለሚል ነው። ሴሊያክ አለርጂ ወይም የምግብ አለመስማማት አይደለም፤ የሰውነት መከላከያ ግሉተን ሲያገኝ ዞሮ የራሱን ትንሽ አንጀት የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ከ100 ሰው 1 ገደማ ይይዛል። መድኃኒት የለውም፤ ሕክምናው ዕድሜ ልክ ከስንዴ፣ ከገብስና ራይ ከሚባለው የፈረንጅ እህል መራቅ ነው። እኛ ዘንድ ስንዴን ሁሉም ይጠነቀቃል፣ ገብስ ግን ይረሳል። በሶው፣ ቆሎው፣ የገብስ ገንፎው፣ በብቅል የተጠነሰሰው ጠላ ሁሉ ከዚሁ ወገን ነው። አጃ በራሱ ችግሩ ትንሽ ቢሆንም እርሻ ላይና ወፍጮ ቤት ከስንዴ ጋር ስለሚቀላቀል፣ ግሉተን የለበትም ተብሎ ካልተለጠፈበት በቀር አይንኩት።

2. «ትንሽ» ስንት እንደሆነ ይወቁ

«ትንሽ ብትቀምሺ ምን ይላል?» የምትል አክስት በየቤቱ አለች። ለእሷም ለራስዎም የሚሆን ስሌት እነሆ።

ኤፍዲኤ የሚባለው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ አንድ ምግብ «ከግሉተን ነፃ» ሊባል የሚችለው በሚሊዮን ክፍል ውስጥ ከ20 ክፍል በታች ግሉተን ሲኖረው ነው። ይህ ማለት በ1 ኪሎ ምግብ ከ20 ሚሊ ግራም በታች ነው። ብዙ ተመራማሪዎች አብዛኛው የሴሊያክ ታማሚ በቀን ሊቋቋመው ይችላል የሚሉት መጠን 10 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። አንድ ቁራጭ የስንዴ ዳቦ ደግሞ 2 ግራም ግሉተን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዟል። አንዱ ቁራጭ ለ200 ቢከፈል የአንዱ ድርሻ የቀንዎ ጣሪያ ነው ማለት ነው። በበርገር መጠቅለያ ወረቀት ላይ የሚቀረው ፍርፋሪ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል።

ሙቀት ግሉተንን አያጠፋውም። የፈላ ዘይትም፣ የጋለ ግሪልም አይገድለውም፤ ግሉተን ፕሮቲን እንጂ ጀርም አይደለም። ይህንን የማያውቁ የምግብ ቤት ሠራተኞች «ዘይቱ እኮ በጣም ይግላል» ብለው በቅንነት ያጽናኑዎታል። አመስግነው ይለፉት።

3. ኩሽናውን ማንበብ

ካውንተሩ ጋ ቆመው ወደ ውስጥ ሲመለከቱ የሚከተሉትን ይፈልጉ።

መጀመሪያ የመጥበሻው ዘይት። ድንች በራሱ ምንም የለበትም። ነገር ግን በዱቄት የተለወሰ ዶሮ፣ የሽንኩርት ቀለበት ወይም ነጌት በተጠበሰበት ዘይት ከተጠበሰ የነሱን ዱቄት ይዞ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ አነስተኛ የአሜሪካ ጥናት ስንዴ ያለበት ምግብ ከሚጠበስበት ዘይት የወጣ 20 ትዕዛዝ የድንች ጥብስ መርምሮ በ9ኙ ግሉተን አግኝቷል፤ ከ4 አንዱ ከተፈቀደው መጠን በላይ ነበር። ስለዚህ መጠየቅ ያለብዎት «ድንቹ ስንዴ አለው?» ሳይሆን «ድንቹ የሚጠበስበት ዘይት ውስጥ ሌላ ምን ይጠበሳል?» ነው። እነሱ የሚረዱት ቃል «ዴዲኬትድ ፍራየር» ነው፤ ለድንች ብቻ የተለየ ማለት ነው።

ሁለተኛ ግሪሉ። ዳቦው የሚሞቀው ሥጋው በሚጠበስበት ብረት ላይ ነው ወይስ በሌላ ማሽን? ዳቦውን የገለበጠው መገልበጫ ሥጋውንም ይገለብጣል? እንቁላል የሚያዙ ከሆነም ይጠይቁ። ፓንኬክ በሚሠራበት ብረት ላይ ይጠበስ ይሆናል፣ እንዲሁም ኦምሌቱ ላይ የፓንኬክ ሊጥ የሚጨምሩ ቤቶች አሉ። አዎ፣ እንቁላል ላይ ሊጥ! ለምለም እንዲልላቸው ነው።

ሦስተኛ አየሩ። ሊጥ የሚዳመጥበትና ዱቄት የሚበንበት ቤት፣ ማለትም ፒዛ ቤት፣ ዶሮ በዱቄት የሚለወስበት ቤት፣ ዳቦ ሲቆረጥ የሚውልበት የሳንድዊች ቤት፣ ከመጀመሪያው ቢተው ይሻላል። እዚያ ሰላጣ ማዘዝም ብዙ አያድንም።

አራተኛ እጅ። ምግቡ ፊት ለፊትዎ የሚገጣጠም ከሆነ ሠራተኛው በጭልፋ የሚያወጣውንና በእጁ የሚዘግነውን ይለዩ። በጭልፋ የሚወጣው ሩዝና ባቄላ ላይ ያለው ስጋት አነስ ያለ ነው። አይብና ሰላጣ ግን በእጅ ይዘገናል፤ ያው እጅ ደግሞ ቅድም ቶርቲያ ይዞ ነበር።

ሶስ ላይ አልቆይም፦ ሶይ ሶስ በአብዛኛው ስንዴ አለው፤ ግሬቪና ወፈር ያለ ሾርባ ብዙ ጊዜ በዱቄት ነው የሚወፍረው፤ የብቅል ኮምጣጤና ብቅል ያለበት ሚልክሼክ ገብስ ናቸው።

4. ከቤት ሳይወጡ ሰንጠረዡን ይክፈቱ

ትልልቆቹ ሰንሰለት ምግብ ቤቶች በየድረ ገጻቸው የአለርጂ ሰንጠረዥ አላቸው። አንድ ወጥመድ አለበት። ብዙዎቹ ሰንጠረዦች «ስንዴ» የሚል ዓምድ እንጂ «ግሉተን» የሚል የላቸውም። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የአሜሪካ የአለርጂ ሕግ በታሸገ ምግብ ላይ እንዲጻፍ የሚያስገድደው ስንዴን እንጂ ገብስን አለመሆኑ ነው። ምግብ ቤት አብስሎ የሚያቀርበውን ደግሞ ሕጉ አይመለከተውም። ስለዚህ «ስንዴ» ዓምድ ስር ባዶ ሆኖ ካዩ፣ የንጥረ ነገር ዝርዝሩን ከፍተው ብቅል፣ ገብስ፣ አጃ የሚል መኖሩን ይዩ። ሰንጠረዡንም በየጊዜው እንደገና ይክፈቱት፤ ኩባንያዎች ቅመም ሲቀይሩ ደውለው አይነግሩንም።

«ግሉተን ፍሬንድሊ» (ግሉተን ለማይበሉ የሚመች) የሚል ካጋጠመዎት ኩባንያው ራሱ ዋስትና እንደማይሰጥ እየነገረዎት ነው። ምሳሌው ዶሚኖስ ነው፦ ግሉተን የሌለበት የፒዛ ሊጥ ይሸጣል፣ ነገር ግን ኩሽናው የጋራ ስለሆነ ሴሊያክ ላለባቸው እንደማይመክረው ራሱ ይናገራል። እንዲህ በግልጽ መናገሩን አከብራለሁ፤ ፒዛውን ግን አልበላም።

5. የት ቢገቡ ይሻላል?

ማንም ቅርንጫፍ ፍጹም አይደለም፣ ሠራተኛውም በየፈረቃው ይለያያል። ያም ሆኖ የኩሽናቸው አሠራር የሚያግዝዎት ቤቶች አሉ።

ቺፖትሌ፦ ኩባንያው እንደሚለው ቤቱ ውስጥ ግሉተን ያለው የዱቄት ቶርቲያው ብቻ ነው። በጎድጓዳ ሳህን ይዘዙ፣ ጓንት ይቀይሩልኝ ይበሉ፣ አይብና ሰላጣውን ከኋላ ካልተነካው እንዲያመጡልዎ ይጠይቁ፤ እሺ ካላሉ ሁለቱን ይተዉ።

ፋይቭ ጋይስ፦ በዘይቱ የሚጠበሰው ድንች ብቻ ነው፤ በዱቄት የተለወሰ ነገር አይሸጡም። በርገሩን ያለ ዳቦ በሰላጣ ቅጠል ወይም በሳህን ያዝዙ። ጠረጴዛ ላይ ያለው የብቅል ኮምጣጤ አጠገብ አይድረሱ። ዘይቱ የኦቾሎኒ ስለሆነ በቤተሰብዎ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ካለ ግን ይህ ቤት ይቅርብዎት።

ኢን ኤን አውት፦ ካሊፎርኒያ፣ ላስ ቬጋስና ያ አካባቢ ላሉ። የሚጠበሰው ድንች ብቻ ነው፤ «ፕሮቲን ስታይል» ሲሉ በርገሩ በሰላጣ ተጠቅልሎ ይመጣል። ክብደት ለመቀነስ ብለው ይህን የሚያዝዙም ስላሉ፣ የእርስዎ የጤና ጉዳይ መሆኑን ለይተው ይንገሩ።

ቺክፊሌ፦ ዋና ሥራው በዱቄት የተለወሰ ዶሮ ስለሆነ ሲያዩት ያስፈራል። ነገር ግን በግሪል የተሠራ ነጌት አለው፤ የድንች ጥብሱም ብዙ ጊዜ ከዶሮው በተለየ ዘይት ነው የሚሠራው፣ ቅርንጫፉን ይጠይቁ። ግሉተን የሌለበት ዳቦው ታሽጎ ይመጣና እርስዎ ራስዎ ይገጣጥሙታል። ይህን አሠራር ሌሎቹም ቢከተሉት እመኛለሁ። እሑድ ዝግ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አይቁጠሩበት።

ዌንዲስ፦ ረጅም መንገድ ላይ ሌላ ሲጠፋ፣ ከነልጣጩ በምድጃ የበሰለ ድንችና ቺሊ (ሥጋና ባቄላ ያለበት ወጥ)። አብሮ የሚሰጥዎትን ብስኩት ይመልሱ። የድንች ጥብሱ ከዶሮው ጋር በአንድ ዘይት ሊጠበስ ስለሚችል አይጨምሩት።

የማይሆኑት ብዙ ናቸው። በአሜሪካ የማክዶናልድስ የድንች ጥብስ ውስጥ የሚገባው የበሬ ሥጋ ማጣፈጫ ከስንዴና ከወተት የተገኘ ነገር አለው። ስለዚህ ግሉተን ብቻ ሳይሆን ጾምም ያስፈታል፤ ስንቱ ጾመኛ ባለማወቅ በልቶታል! ፓንዳ ኤክስፕረስ ግሉተን የሌለበት ምግብ የለኝም ይላል። ኬኤፍሲንና ፖፓይስን በአየሩ ምክንያት ከላይ ትቻቸዋለሁ።

6. ካውንተሩ ጋ

እዚህ ላይ ትልቁ ጠላታችን ይሉኝታ ነው። ከኋላ ሰልፍ አለ፣ ልጅቷ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች፣ እርስዎም «ምን አስቸገርኳት» ብለው ሁለት ጥያቄ ጠይቀው ይተዋሉ። ይሉኝታው የማይገኝበትን ሰዓት ይምረጡ። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ በፈረንጅ ከሁለት እስከ አራት፣ ምሳ አብቅቶ እራት ሳይጀመር፣ ቤቱ ጭር ይላል፣ ማናጀሩም ለመነጋገር ጊዜ አለው። በመኪና መስኮት አይዘዙ፤ ኩሽናው አይታይዎትም፣ ንግግሩም በማይክ ነው። በስክሪንና በስልክ መተግበሪያ ማዘዝም እንዲሁ ነው፤ ከማሽን ጋር ስለ ዘይት አይወራም።

ማናጀሩን ይጥሩና በአጭሩ ይናገሩ፦ «ሴሊያክ የሚባል በሽታ አለብኝ። የዳቦ ፍርፋሪ እንኳ ያሳምመኛል። ዳቦ በማይነካው ቦታ፣ በአዲስ ጓንት ሊሠራልኝ ይችላል?» ከዚያ ዝም ብለው መልሱን ያድምጡ። «አዎ፣ ችግር የለም» ብሎ ወዲያው ወደ ካሽ ማሽኑ የሚዞር ሰው አልገባውም። «ዘይቱን ልጠይቅ» ብሎ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ወይም «ድንቹን ግን አልመክርህም» የሚል ሰው ገብቶታል። እንዲህ የሚለውን ቤት መዝግበው ይያዙት። «አለርጂ» ቢሉት ቶሎ የሚገባው ሠራተኛም አለ። በሕክምና ትክክል ባይሆንም፣ ትዕዛዙ ላይ የአለርጂ ምልክት የሚያስደርገው ይህ ቃል ከሆነ እኔ አልከራከርም።

መልሱ ካላረካዎት ውሃ ገዝተው ይውጡ። ማንም አይቀየምዎትም።

7. ሲደርስዎት ከፍተው ይዩ

ከቤቱ ሳይወጡ ይክፈቱት። ዳቦ ይዞ ከመጣ ዳቦውን አንስቶ መብላት አይሆንም፤ እንደገና መሠራት አለበት። አንዲት ዘዴ አለች፦ የተሳሳተውን ምግብ አይመልሱላቸው፣ አዲሱ እስኪመጣ እጅዎ ላይ ያቆዩት። ከመለሱት ዳቦው ተነሥቶ ያው ሥጋ በሌላ ወረቀት ተጠቅልሎ ሊመጣ ይችላል። ክፋት አይደለም፣ ችኮላ ነው።

ልጆች አብረው ካሉ የእርስዎን ከነሱ ሳህን ያርቁ። በርገር የያዘ እጅ ወደ እርስዎ ድንች መላኩ አይቀርም።

8. በጾም ወራት

ጾሙና ሴሊያኩ አንድ ላይ ሲሆኑ ምርጫው ይጠባል፣ ግን አይዘጋም። ቺፖትሌ ሩዝ፣ ጥቁር ባቄላ፣ አቮካዶና ከቶፉ የተሠራው ሶፍሪታስ ለሁለቱም ይሆናል። የፋይቭ ጋይስ ድንችም እንዲሁ። በጣም መጠንቀቅ ያለብዎት «ቬጂ በርገር» ከሚባለው ነው። ሥጋ ለማስመሰል የሚጠቀሙበት ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ የስንዴ ግሉተን ራሱ ነው። ከሶያ ወይም ከአተር የሚሠሩ ግሉተን የሌላቸው አሉ፤ እነሱንም ቢሆን የትኛው ብረት ላይ እንደሚጠበሱ ይጠይቁ።

9. አውሮፓ ከሆኑ

ሁኔታው የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ምግብ ቤቶችም ጭምር 14 አለርጂ አምጪዎችን እንዲናገሩ ያስገድዳል፤ ከነዚያ መካከል ግሉተን ያላቸው እህሎች በሙሉ፣ ገብስም ጭምር አሉ። በስዊድን፣ በስፔንና በጣሊያን ማክዶናልድስ ግሉተን የሌለበት ዳቦ ያለው በርገር ያገኛሉ። የብሪታንያው ማክዶናልድስ ድንችም ከአሜሪካው በተለየ ስንዴ የለበትም። ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር፦ ለንደን ያለች እህትዎ «እኔ እበላዋለሁ» ስላለች አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ እንዳይሞክሩት።

10. ወደ ሐበሻ ቤት ልሂድ ካሉ

«ጤፍ ግሉተን የለውም» የሚለው እውነት ነው። ውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ግን ሁሉም ጤፍ ብቻ አይደለም፤ ዋጋ ለመቀነስና ሊጡ እንዲነሣ ገብስ፣ ስንዴ ወይም ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት (ማስነሻ የተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት) ይቀላቀልበታል። ሲገቡ «እንጀራችሁ ንጹሕ ጤፍ ነው?» ብቻ አይበሉ፤ ባለቤቷ ስለ ጥራት የጠየቋት መስሏት «አዎ የኔ እናት» ትላለች። «ስንዴ ወይም ገብስ ይገባበታል? እርሾውስ ከየትኛው ሊጥ ነው? ምጣዱስ አንድ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ንጹሕ ጤፍ ከአንድ ቀን በፊት ሲታዘዝ ብቻ የሚጋግሩ ቤቶችም አሉ።

ቀርቦም ቢሆን ትሪው የጋራ ከሆነ ነገሩ ይበላሻል። ሌላው ሰው የሚቆርሰው እንጀራ ቅይጥ ነው፣ ወጡ ላይ ይነካል፣ ከዚያ ጉርሻ ይመጣል። ለብቻዎ ሳህን ያስመጡ። ጉርሻውን ላለመቀበል «ሐኪም ከልክሎኛል» ማለት ሁሉንም ዝም ያሰኛል፤ ስለ ግሉተን ማስረዳት ግን እራቱን ሙሉ ያስፈጃል።

ቤት የጋገሩት የጤፍ እንጀራ ካለ ሁለት ጠቅልለው መኪና ውስጥ ይያዙ። ከፋይቭ ጋይስ ያለ ዳቦ የታዘዘ ሥጋ በእንጀራ ተጠቅልሎ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

11. ከነካዎት

ሁሉን አድርገውም አንዳንዴ ይነካዎታል። ውሃ ይጠጡ፣ ቀለል ያለ ይብሉ፣ ይረፉ። ግሉተን ይፈጫል ተብሎ የሚሸጠው የኢንዛይም ክኒን አንጀትዎን እንደሚጠብቅ አልተረጋገጠም፤ እሱን ተማምነው ደፍረው አይብሉ። ትውከት ወይም ተቅማጥ ከጸና፣ በተለይ ልጅ ከሆነ፣ ወደ ሐኪም ይሂዱ። የበሉትን፣ ቅርንጫፉንና ሰዓቱን ስልክዎ ላይ ይጻፉ።

ምንም ሳይሰማዎት ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ብዙ የሴሊያክ ታማሚ ሆዱን ሳያመው አንጀቱ ይጎዳል። ስለዚህ «እዚያ ቤት ደጋግሜ በልቼ ምንም አልሆንኩም» ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው ሐኪምዎ በየጊዜው የሚያዝዘው የደም ምርመራ ነው። ግሉተን ካቆሙ በኋላ ሰውነት ለግሉተን የሚሰጠውን ምላሽ የሚያሳየው ቁጥር እየወረደ መሄድ አለበት። ቤትዎ ንጹሕ ሆኖ ቁጥሩ አልወርድ ካለ፣ ውጭ የሚበሉትን ለጥቂት ወራት ሙሉ በሙሉ ያቁሙና እንደገና ይመርመሩ። ከወረደ በኋላ ቤቶቹን አንድ በአንድ ይመልሱ፤ በመጀመሪያ ለድንች የተለየ ዘይት ያላቸውን።